ሁለት ዕድሜ ያለው ልጅ፦ የ1,280 ግራም ሕፃን የመጀመሪያ ዓመት

ልጄ የተወለደው ሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። መወለድ የነበረበት ጥር 22 ነበር። በመካከሉ 70 ቀን አለ። ዓመቱን ሙሉ ስቆጥር የኖርኩት ያንን 70 ቀን ነው።

በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በወለድኩ በሁለተኛው ቀን ባለቤቴን «ደብተርና እስክሪብቶ አምጣልኝ» አልኩት። ነርሷ የነገረችኝን ክብደት፣ የሰጠሁትን ወተት፣ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ። የምነግራችሁ ከዚያ ደብተር ላይ እያየሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው በራስ ምታት ነው። የ29 ሳምንት እርጉዝ ነበርኩ። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ ብሎኝ ነበር። ዓይኔ ላይም ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ይታየኛል። የወር መዝጊያ ሰሞን ስለነበር ሁሉንም የሥራ ድካም ነው አልኩ። አምስት ቀን ታገስኩት። ስድስተኛው ቀን ሰፈሬ ያለው ክሊኒክ ግፊቴን ሲለካ 170 በ110 ሆኖ ተገኘ። ሽንቴ ውስጥም ፕሮቲን አለ። በእርግዝና የሚመጣው የደም ግፊት፣ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት ነው። እርጉዝ የሆነች እህት ይህን ካነበበች፦ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና እብጠት ካለሽ ያንኑ ቀን ተለኪ። እኔ አምስት ቀን አባክኛለሁ።

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ መውለድ ነው። ሐኪሞቹ ማድረግ የሚችሉት ትንሽ ጊዜ መግዛት ነበር። እንዳያንዘፈዝፈኝ ማግኒዥየም ሰልፌት ሰጡኝ። ለልጁ ሳንባ ደግሞ ዴክሳሜታዞን የሚባለውን መርፌ፣ በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ሊወጉኝ ጀመሩ። ያልበሰለ ሳንባ ሰርፋክታንት የሚባለው ቅባት መሰል ነገር ያንሰዋል። ያ ከሌለ ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች በተነፈሰ ቁጥር እርስ በርስ ይጣበቃሉ። መርፌው የሳንባውን መብሰል ያፋጥነዋል። ሦስተኛውን እንደተወጋሁ ግፊቴ አልወርድ አለ። በ30 ሳምንት በኦፕራሲዮን ወለድኩ።

እልልታ አልነበረም። «ወንድ ነው» አሉኝ። እንደ ድመት ግልገል አንዴ ጮኸ። ከዚያ ይዘውት ወደ ሙቀት ክፍል ሮጡ። እኔ ያየሁት በማግስቱ በዊልቸር ተገፍቼ ነው። ጀርባው ላይ ስስ ፀጉር አለው። ገበያ ላይ ያለው ትንሹ ዳይፐር ብብቱ ድረስ ደረሰ፤ ነርሷ በመቀስ ለሁለት ቆረጠችው። ከሁሉ ያልረሳሁት ጆሮው ነው። በጎኑ ተኝቶ ስለነበር ጆሮው ታጥፏል። ቀና ሲያደርጉት እንደታጠፈ ቀረ። ሲስተሯ በጣቷ ቀስ አድርጋ ዘረጋችለት። የጆሮው ልም አጥንት ገና አልጠነከረም ነበርና።

አፍንጫው ላይ ቱቦ አለ። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ባብል ሲፓፕ ይሉታል። አየሩ ውሃውን ገፍቶ መውጣት ስላለበት ሳንባው ውስጥ ዘወትር ትንሽ ግፊት ይቀራል፤ ከረጢቶቹም አይጣበቁም። አራት ቀን በዚያ ጠርሙስ ድምፅ ኖርን። ድምፁ ሲቆም ልቤ አብሮ ይቆም ነበር።

ደብተሬ ላይ የመጀመሪያው ቀን 1,280 ይላል። በአምስተኛው ቀን 1,170። ያን ቀን አለቀስኩ። ሁሉም ሕፃን መጀመሪያ ላይ እንደሚቀንስ ማን ነግሮኝ! ወደተወለደበት ክብደት የተመለሰው በአሥራ አራተኛው ቀን ነው፤ 1,290። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ስለ ወተቱም ልንገራችሁ። ጡት መሳብ አይችልም፤ መሳብ፣ መዋጥና መተንፈስን አቀናጅቶ መሥራት የሚመጣው ወደ 34 ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ በእጄ አልባለሁ፣ በአፉ በገባች ቀጭን ቱቦ ይንቆረቆርለታል። የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ሰዓት ታግዬ የወጣው የሲሪንጅ ጫፍ የሚያረጥብ እንገር ነበር። ልጥለው ስል ሲስተሯ እጄን ያዘች። «እናት፣ ይሄ የሱ ክትባት ነው» አለችኝ። የጀመርነው በየሦስት ሰዓቱ 2 ሚሊ ሊትር ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሲሪንጅ ይዤ መተላለፊያው ላይ ስሄድ እንደኔው ሲሪንጅ የያዙ እናቶች አገኛለሁ። ሰላምታችን «ስንት ወጣልሽ?» ነበር። አጥሚቱ ከቤት በፔርሙስ ይመጣል። በአሥረኛው ቀን 18 ሚሊ ደረስን።

በስድስተኛው ቀን ሐኪሟ ገላ ለገላ መታቀፍ ይጀምር አለች። የኔ ግፊት ገና ስላልተረጋጋ የጀመረው አባቱ ነው። ሸሚዙን አውልቆ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ልጁን ኮፍያና ዳይፐር ብቻ አድርገው ደረቱ ላይ አስቀመጡለት፣ እግሩን እንደ እንቁራሪት አጥፈው፣ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዙረው በነጠላ አሰሩት። ባለቤቴ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ። እግሩ ደንዝዞ ሲነሳ ወደቀ ማለት ይቻላል። መሣሪያው ላይ የልጁ ኦክስጅን ከ91 ወደ 95 ወጥቶ ነበር።

ይህን ገላ ለገላ መታቀፍ የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል፤ ለድሃ አገር የተፈጠረ የማሽን ምትክ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አጀማመሩ እንደዚያ መሆኑ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባሉ ሐኪም ማሞቂያው አልበቃ፣ ኢንፌክሽኑም አልቆም ሲላቸው ሕፃናቱን እናቶቻቸው ደረት ላይ አስቀመጡ። የኛ አገር ድርሻ ግን ብዙም አይወራም። ሐኪሙ ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር አዲስ አበባ ውስጥ 123 ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆነ ሕፃናትን አጥንተው ውጤቱን በ2005 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ገና ሁኔታቸው ሳይረጋጋ ወደ እናታቸው ደረት ከሄዱት የሞቱት 22.5 በመቶ ነበሩ፤ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ደግሞ 38 በመቶ። በ2021 እ.ኤ.አ. በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ 3,211 ሕፃናት ላይ የተሠራው ትልቅ ጥናትም ወደዚያው አመራ፦ ወዲያው ከታቀፉት የሞቱት 12 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 15.7 በመቶ። የዓለም ጤና ድርጅት ገላ ለገላው ከተወለዱ ጀምሮ ወዲያው፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሁን ብሎ ምክሩን የቀየረው ልጄ ከመወለዱ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ በፊት ነው። አዲስ አበባ ቀድማ አይታው ነበር። ያንን ሳነብ ኮራሁ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ኅዳር 20፣ እኔ ታቅፌው ነበር። የሆነ ነገር ጸጥ አለብኝ። ደረቴ ላይ የሚላወሰው ትንሽ ሆድ ቆሟል። ከንፈሩ ጠቆር አለ። «ሲስተር!» አልኩ፤ ጩኸቴ ግን የወጣ አልመሰለኝም። መጥታ የእግሩን መዳፍ በጣቷ ኮርኮም ኮርኮም አደረገችው። ተንጠራራና ተነፈሰ። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ አንጎሉ መተንፈስን አንዳንዴ ይረሳል፤ ከ20 ሰከንድ በላይ ሲሆን አፕኒያ ይሉታል። መተንፈስን የሚያነቃቃውን አሚኖፊሊን የሚባል መድኃኒት ጀመሩለት። ከዚያ ቀን በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ስተኛም እጄ ጀርባው ላይ ነበር።

የካንጋሮው ክፍል ስድስት አልጋ አለው። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ከክፍለ ሀገር የመጣች ነበረች፤ የሷ ሕፃን በ34 ሳምንት ነው የተወለደው። ከኔው ልጅ በ700 ግራም ይበልጣል። ያለ ቱቦ ይተነፍሳል። እሷ ግን አታቅፈውም። ወተቷንም አታልብም። ኋላ ሲገባኝ ዘመዶቿ «የሰባት ወር ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም» ብለዋት ተስፋ ቆርጣለች። አማቴም ያንኑ አባባል ይዘው ነበር። ለኛ ግን የተጽናኑበት ነው። በጣታቸው ቆጥረው «ሰባት ወሩ ነው፣ አይዞሽ ልጄ» ይሉኝ ነበር። ያው አንድ አባባል እኔን አቁሞኝ እሷን ጣላት። እውነቱ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ማሕፀን ውስጥ የቆየባት እያንዳንዷ ሳምንት ለልጁ ትጠቅመዋለች። የስምንት ወሩ ከሰባት ወሩ የተሻለ ዕድል አለው። ሐኪሟ ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አስተኝታ አሳየቻት። በማግስቱ ነጠላዋን አውርዳ ልጇን ታቀፈችው። አማቴም ያን አባባል ከዚያ በኋላ ሲናገሩ አልሰማኋቸውም።

ታኅሣሥ 20፣ በገብርኤል ማግስት፣ 1,810 ግራም ሆኖ ወደ ቤት ሄድን። ደስታ ብቻ የሚመስለው አለ። እኔ ግን እንደዚያ ሌሊት የፈራሁበት ጊዜ የለም። የሚጮህ ማሽን የለም፣ ሲስተር የለችም። ቤቱ ጸጥ አለ። በነጠላው እንደታሰረ ትራስ ተደግፌ ተቀምጬ አደርኩ። ወር ሙሉ እኔና አባቱ በፈረቃ አቀፍነው።

ጠያቂው ደግሞ ጎረፈ። አራስ ጥየቃ አይቀርም። ሐኪሟ ግን ሰው እንዳይበዛበት፣ ጉንፋን ያለው እንዳይጠጋው፣ ማንም እንዳይስመው ብላለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰው መመለስ አልችልም። የቻሉት አማቴ ናቸው። ሳሎን ተቀምጠው ቡና እያፈሉ «እንኳን ማርያም ማረቻት በሏት፣ እኔ እነግርላችኋለሁ» እያሉ ይሸኛሉ። የተቀየሙ ዘመዶች አሉ። ይቀየሙ።

አርባ ቀኑ የሞላው ቤት በገባን ማግስት ነው። እዚህ ላይ ከአማቴ ጋር ተጋጨን። ለሳቸው አርባ ቀን አርባ ቀን ነው፤ ልጁ ከሞት የተረፈው በማን ሆነና! እኔ ደግሞ የታኅሣሥ ብርድ ላይ፣ በማለዳ፣ ውሃ ውስጥ ሳስበው ተንቀጠቀጥኩ። የንስሐ አባታችን ቤት መጥተው ልጁን አዩት። ሕይወቱን የሚያሰጋው ነገር ካለ ዛሬውኑ ይጠመቅ፣ ከሌለ ደግሞ እስኪጠነክር ጥቂት መቆየት ይቻላል አሉ። ክርስትናው የካቲት 5 ሆነ፣ ከዐቢይ ጾም በፊት። 3 ኪሎ ከ70 ነበር። ሲያጠምቁት የጮኸውን ጩኸት ከኅዳሩ ጋር እያነጻጸርኩ አለቀስኩ።

ያኔ ነው ሰው ሁሉ ልጄን በየራሱ አቆጣጠር እንደሚቆጥረው የገባኝ። ቤተ ክርስቲያን ከተወለደበት ቀን ትቆጥራለች። ክትባትም እንደዚያው ነው። ታኅሣሥ 24 የስድስት ሳምንቱን ክትባት ልናስከትብ ጤና ጣቢያ ስንሄድ 1,920 ግራም ነበር። ከታቢዋ እግሩን አይታ መርፌዋን አስቀመጠች፤ «ትንሽ አይቆይም?» አለች። የሐኪሟን ወረቀት አሳየኋት። ትንሽ በመሆኑ የበለጠ ያስፈልገዋል እንጂ አይቆይም። ዕድገቱ ግን የሚቆጠረው ከጥር 22 ጀምሮ ነው። የተስተካከለ ዕድሜ ይባላል፤ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ፈገግታውን፣ አንገቱን፣ መቀመጡን የምንለካው በዚያ ነው። የመጀመሪያ ፈገግታው መጋቢት 10 መጣ። በልደቱ አራት ወር ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶታል። በተስተካከለው ሰባት ሳምንት ገደማ፤ ልክ በሰዓቱ።

የሕጉ አቆጣጠር ነው ያንገበገበኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እናት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። እኔ ከመውለዴ በፊት ያለውን አንድ ቀን እንኳን አልወሰድኩም፤ ሳልደርስበት ወለድኩ። 90 ቀኑ ደግሞ ከኅዳር 12 ተቆጠረ። 38ቱን ሆስፒታል ጨረስኩት። የካቲት 11 ላይ አለቀ፣ ሰኞ የካቲት 13 ቢሮ ገባሁ። ያን ቀን ልጄ በተስተካከለው ዕድሜው የሦስት ሳምንት ሕፃን ነው። በጊዜው የወለደች ባልደረባዬ ልጇን በሦስት ወሩ ትታ ስትመጣ፣ እኔ የኔን ገና አራስ ሳለ ትቼ መጣሁ። የአባት ፈቃድ 3 ቀን ነው፤ ባለቤቴ የዓመት ፈቃዱን ጨርሶ ነው ያገዘኝ። ያለ ጊዜው ለሚወለድ ልጅ የእናቱ ፈቃድ መቆጠር ያለበት መወለድ ከነበረበት ቀን ነው ብዬ አምናለሁ። ቢያንስ ሆስፒታል የቆየችበት ቀን ይጨመርላት። ቢሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ወተት ሳልብ ይህንን ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ።

አንድ ቅሬታም አለኝ። ከሆስፒታል ስንወጣ የተሰጠን ወረቀት ላይ ብረት በጠብታ፣ ቫይታሚን ዲ፣ የቀጠሮ ቀን ነበረበት። ስለ ዓይኑ ግን ምንም የለም። የነገረችኝ በገና ዋዜማ የደወለችልኝ ያቺው የካንጋሮ ክፍል ጎረቤቴ ናት። «ያንቺን ልጅ ዓይን አዩት?» አለችኝ። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የዓይኑ የደም ሥሮች ገና አላለቁም። በተለይ ኦክስጅን ሲበዛበት ተዛብተው አድገው የዓይኑን መጋረጃ ሊያላቅቁት ይችላሉ። ድምፃዊው ስቲቪ ዎንደር ያለ ጊዜው ተወልዶ ማሞቂያ ውስጥ በተሰጠው ኦክስጅን ምክንያት ነው ዓይነ ስውር የሆነው። በ30 ሳምንት የተወለደ ልጅ በአራተኛው ሳምንቱ መታየት ነበረበት፤ ያኔ እኮ እዚያው አልጋ ላይ ነበርን! ጥር 2 ዓይን ሐኪም ጋ አደረስነው። በሦስተኛው ምርመራ የደም ሥሮቹ ዳር ደርሰዋል ተባልን። ብናረፍድስ ኖሮ? ቀኑ ካለፈ የሚመለስ ነገር የለም። ያለ ጊዜው የወለዳችሁ፣ ወረቀታችሁ ላይ ባይኖርም ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ደብተሬ ላይ አጫጭር ናቸው። አንገቱ ቆመ። ስሙን ሲጠሩት ዞረ። ጎረቤታችን ያለችው በዚያው በኅዳር የተወለደች ልጅ በሰኔ ስትድህ የኔው ገና ተገለበጠ። «ስንት ወሩ ነው?» ይሉኛል። ሰባት ስል ዝም ይላሉ። አምስት ስል ደግሞ የዋሸሁ ይመስለኛል። ኋላ ላይ ሁለቱንም መናገር ለመድኩ።

ክረምቱ ከበደን። ሐምሌ 18 ሳል ይዞት አደረ፤ ጠዋት ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር እየሰረጎደ ነው። የሳንባ ምች። አምስት ቀን ተኛን፣ ኦክስጅን ተደረገለት። ያ ድምፅ፣ ያ ሽታ፣ ሁሉም ተመለሰብኝ። ባለቤቴ ሳልነግረው ሸሚዙን ፈታና ልጁን ደረቱ ላይ አስቀመጠው። ያኔ 6 ኪሎ ከ900 ነበር። እግሩ ወንበሩን አልፎ ይንጠለጠል ነበር።

ነሐሴ 10 ያለ ትራስ ተቀመጠ። ዘጠኝ ወር ሊሞላው ነው፤ በተስተካከለው ስድስት ወር ተኩል። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን ስድስት ሆነች። ደብተሬ ላይ «አንድ ቀን ተጨመረልን» ብዬ ጽፌያለሁ።

ኅዳር 12 ቀን 2016 ዳቦ ተደፋ። 8 ኪሎ ከ150። እየዳኸ ወንበር ይዞ ይቆማል፤ «ባባ» ይላል። አማቴ ዓመቱን ሙሉ የሠሩትን ትንንሽ የሱፍ ኮፍያ በፌስታል ሞሉልኝ። ከሰዓት በኋላ ልጄን አዝዬ ወደ ካንጋሮው ክፍል ሄድኩ። ስድስቱም አልጋ ሙሉ ነው። በሩ አጠገብ፣ እኔ በተኛሁበት አልጋ ላይ ያለችው እናት ጀርባዬ ላይ ያለውን ልጅ ረጅም ጊዜ አየችው። ዕድሜውን አልጠየቀችኝም።

«ሲወለድ ስንት ግራም ነበር?» አለችኝ።

«1,280።»

ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። «የኔዋ 1,300 ናት» አለች።